የእሳት መቀነት

ክረምት በኢትዮጵያ ደጋ የዕረፍት ወቅት ሆኖ አያውቅም። ሰማዩ በሰኔ አጋማሽ ይከፈታል፤ እስከ መስከረም መባቻም አይዘጋም። በእነዚህ ወራት ገበሬው ከሞፈርና ከቀንበሩ፣ ሴቲቱ ከጭስና ከእርጥብ ማገዶዋ፣ ሕፃኑም ከጎርፍና ከጭቃ ጋር ይውላል። ዓመቱን በሙሉ የሚበላው እህል ዕጣው የሚወሰነው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት በመሆኑ፣ በክረምት መታመም በሌላው ጊዜ ከመታመም የተለየ ነው። በበጋ የታመመን ሰው ሥራው ይጠብቀዋል፤ በክረምት የታመመን ሰው ግን አረሙ አይጠብቀውም። ስለዚህም የደጋ ሰው በክረምት ሲያመው ከሕመሙ ቀድሞ እፍረት ይሰማዋል።

ይህ እፍረት ከእርሱ ከሚብስ ሌላ እፍረት ጋር ሲገናኝ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ለመረዳት፣ በ1996 ዓ.ም. ክረምት በደብረ ብርሃን ከተማ በአንዲት እናት ላይ የደረሰውን መመልከት ይበቃል።

እኚህ እናት በዚያን ጊዜ የ54 ዓመት ሴት፣ የ31 ዓመት አገልግሎት ያላቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ። ባለቤታቸውን ከሁለት ዓመት በፊት ሞት ነጥቋቸዋል። ከሦስት ልጆቻቸው ትልቋ አዲስ አበባ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ወንዱ ልጅ ፈተና ወስዶ ውጤቱን ይጠባበቃል፤ ትንሿ ገና የ13 ዓመት ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ የተቀመጠች፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋና በበግ ፀጉር ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት። በሐምሌ ጉሙ ረፋድ ድረስ ከመንገዱ አይነሣም፤ በረዶ የጣለ እንደሆነም ማሳው ለጥቂት ሰዓት ነጭ ለብሶ ይታያል።

መምህርቷ ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግሥት ሌላ ትምህርት ቤት ይከፍታሉ። በቤታቸው በረንዳ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አቁመው፣ በሚቀጥለው ዓመት የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቃቸውን 17 የሠፈር ልጆች ሒሳብና አማርኛ ያስጠናሉ። ክፍያ አይጠይቁም፤ የቻለ ቤተሰብ አንድ ሸክም ኩበት ወይም ጥቂት ባቄላ ይልክላቸዋል። ከጓሮ ድንች ተክለዋል፤ ድንቹም መኮትኮት፣ ሥሩም አፈር መታቀፍ አለበት። የአጥሩን ግርጌ እየሸረሸረ የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀለብሰውን ቦይ በየዓመቱ የሚቆፍሩት ራሳቸው ናቸው። የሠፈሩ እድር ጸሐፊም ስለሆኑ የመዋጮው መዝገብ በእጃቸው ነው። ማታ ማታ ደግሞ እንዝርታቸውን ይዘው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ፤ በዚያ ዓመት የጀመሩት ፈትል ትልቋ ልጃቸው ጎጆ ስትወጣ የምትለብሰው ባና እንዲሠራበት የታሰበ ነበር። እንግዲህ ክረምታቸው ይህ ነበር፤ አንዱ ሥራ ሌላውን እየገፋ፣ ቀኑ ከሥራው የሚያንስበት ክረምት።

ሕመሙ የጀመረው በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት፣ ድንች ሲኮተኩቱ ነው። ከቀኝ ጡታቸው በታች ተነሥቶ በጎን በኩል ወደ ጀርባቸው የሚሄድ፣ አንዳንዴ እንደ መርፌ የሚወጋ፣ አንዳንዴ እንደ ፍም የሚያቃጥል ስሜት ነበር። ቆዳቸው ላይ ግን የሚታይ አንዳች ነገር የለም። ዶማ ይዘው ስለ ዋሉ ጡንቻቸው የተሸማቀቀ መሰላቸው። በማግሥቱ ብርድ ነው አሉ። በሦስተኛው ቀን ምች ነው አሉ። ምች በሕዝቡ ዘንድ ለብዙ ሕመም የሚበቃ ስም ነው፤ ከምሳ በኋላ ፀሐይ ያገኘው፣ ከላብ በኋላ ነፋስ የመታው ሰው ሁሉ ምች መታው ይባላል፤ መድኃኒቱም ከጓሮ አይጠፋም። ትንሿ ልጅ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ፣ ጭማቂውን አጠጣቻቸው። በአራተኛው ቀን ሕመሙ ጋብ አለ። ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል እንዲሉ፣ መምህርቷ ተሻለኝ ብለው የቀረውን መደብ ለመኮትኮት ወጡ።

በዚያው ዕለት ማታ ልብሳቸውን ሲቀይሩ ጎናቸውን በመስተዋት አዩ። ከጡታቸው ሥር ተነሥቶ እስከ አከርካሪያቸው የሚደርስ፣ አራት ጣት ያህል ስፋት ያለው ቀይ መስመር ተሰምሮ ነበር፤ በመስመሩም ላይ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን እባጮች በዘለላ በዘለላ ተሰክተዋል። መስመሩ በፊት በኩል ከደረታቸው መካከል፣ በኋላም ከአከርካሪያቸው አይሻገርም፤ ግራ ጎናቸው እንደ ነበረ ንጹሕ ነው። ስሙን የሚነግራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም። አልማዝ ባለጭራ ነበር።

ሕዝብ ለበሽታ ስም ሲያወጣ ገጣሚ ነው። አልማዝ ባለጭራ የሚለውን ስም የሰማ ሰው፣ በመብራት ሥር የሚያብረቀርቁት እባጮችና ከኋላቸው እየተሳበ የሚሄደው መስመር ወዲያው በዐይኑ ይመጡበታል። የጥንት ግሪኮች ደግሞ ይኸንኑ በሽታ ዞስተር ብለውታል፤ ትርጓሜው መታጠቂያ ማለት ነው። እንግሊዞች የሚጠሩበትም ስም መታጠቂያ ከሚል የላቲን ቃል የተወለደ ነው። ግሪኩ ያየው ወገብ ላይ የሚጠመጠመውን ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው ያየው የሚያብለጨልጨውን ነው። መምህርቷ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት አገኟቸው። ከዚያች ማታ ጀምሮ መቀነታቸውን ማሰር አልቻሉም፤ የሸሚዛቸው ጠርዝ እንኳ ሲነካቸው እንደ ምላጭ ይቆርጣቸው ነበርና። ከሠላሳ ዓመት በላይ ወገባቸውን አስረው የሠሩበትን የጥጥ መቀነት ፈትተው የእሳት መቀነት ታጠቁ።

ይሁን እንጂ ያ የሚያምር ስም በ1996 ዓ.ም. ሌላ ስም ተለጥፎበት ነበር። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ ቫይረስ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በልዩ ልዩ የአፍሪካ ሀገሮች የሚሠሩ ሐኪሞች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ይኸውም ቀድሞ ይበልጡን በዕድሜ የገፉትን ይይዝ የነበረው አልማዝ ባለጭራ ወጣቶችን መያዝ ማብዛቱ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል፤ የመከላከል ኃይሉ የደከመ ሰውነት ለበሽታው በር ይከፍታልና። ይህ ለሐኪም ጠቃሚ ምልክት ነበር። ከሐኪም ቤት ወጥቶ ሠፈር ሲገባ ግን ምልክትነቱ ቀርቶ ፍርድ ሆነ። የመከላከል ኃይልን የሚያደክመው ዕድሜም ጭምር መሆኑን፣ 50 ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ ያለ ምንም ሌላ ምክንያት በዚህ በሽታ ሊያዝ እንደሚችል ሠፈሩ ረሳው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትም በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005፣ ማለትም በ1997 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በዚያ ክረምት የተጠረጠረ ሰው የተፈረደበት ሰው ነበር።

መምህርቷ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቁ ነበር። የእድር ጸሐፊ ሆኖ የኖረ ሰው፣ ሕያዋን ስለ ሙታን የሚናገሩትን ሁሉ ይሰማል። በለቅሶ ድንኳን ጥግ «ሕመሙ ምን ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ ሳይነገር ከንፈር ሲመጠጥ፣ ቆይቶም «አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባት ነበር አሉ» የሚል ሹክሹክታ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲተላለፍ ብዙ ጊዜ አይተዋል። ባለቤታቸው ያረፉት በጉበት ሕመም ስምንት ወር ማቅቀው ነው። አሁን የእሳቸው ጎን ቢታይ፣ ወሬው ወደ ኋላ ተጉዞ የባለቤታቸውን መቃብር እንደሚቆፍር አወቁ። ሙት ለራሱ መልስ መስጠት አይችልም፤ የወሬውን ዕዳ የሚከፍሉት ልጆች ናቸው። ትልቋ ልጅ ደግሞ ልትዳር ነው። ከሁሉም በላይ የከበዳቸው ግን መምህርቷ ራሳቸው እርግጠኛ አለመሆናቸው ነበር። ስምንት ወር የታመመ ባል፣ ተመርምሮ የማያውቅ የራሳቸው ደም፣ አሁን ደግሞ ይህ መስመር። ሠፈሩን የፈሩትን ያህል እውነቱንም ፈርተው ነበር።

ስለዚህ ደበቁት። ስድስት ቀን ሙሉ ደበቁት።

ሕመምን መደበቅ ራሱን የቻለ ከባድ ሥራ ነው። ማለዳ ተነሥተው እሳት ያነዳሉ፤ ጎንበስ ሲሉ የሚነሣውን ሕመም ጭሱ አስለቀሰኝ ብለው ይሸፍኑታል። ልጆቹ ሲሰበሰቡ በረንዳው ላይ ይቆማሉ፤ ነገር ግን ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ሰሌዳው ባነሡ ቁጥር ጎናቸው የተሰነጠቀ ይመስላቸዋል። ስለሆነም በሁለተኛው ቀን ጠመኔውን ለአንዲት ተማሪ ሰጥተው «ከዛሬ ጀምሮ እናንተ አስተምሩ፤ እኔ እታዘባለሁ» አሉ። ልጆቹ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ መስሏቸው ደስ አላቸው። የጎረቤት ሕፃን ልታቀፍ ብሎ እጁን ሲዘረጋ ጉንፋን ይዞኛል ብለው ፈቀቅ አሉ። ወደ መድኃኒት መደብር ሄደው ራሴን አሞኛል ብለው ማስታገሻ ገዙ። የበግ ፀጉሩን ግን ጭናቸው ላይ ማስቀመጥ አልቻሉም፤ እንዝርቱ ግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ቀረ። ሌሊት በግራ ጎናቸው ተደግፈው ቁጭ ብለው ያድራሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይወዱት ነበር፤ ሲያቃስቱ ለልጆቹ አይሰማምና።

ምሥጢሩን ያወጣችው የሸሚዙ ጨርቅ ናት። ትንሿ ልጅ ልብስ ስታጥብ በእናቷ የውስጥ ልብስ ቀኝ ጎን ላይ ደም የቀላቀለ ቢጫ እድፍ አየች። ለእናቷ ምንም አልተናገረችም። ለወንድሟ ነገረችው፤ ወንድሟም ወደ ቴሌ ሄዶ አዲስ አበባ ደወለ። ትልቋ ልጅ በማግሥቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደረሰች።

«እማዬ፣ ጎንሽን አሳዪኝ» አለች ገና ነጠላዋን ሳታወርድ።

«ምን ሆኜ! ብርድ ነው አልኳቸው እኮ።»

«ብርድ ውሃ አይቋጥርም፣ እማዬ።»

መምህርቷ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም በ31 ዓመት የመምህርነት ዘመናቸው ከአንደበታቸው ወጥቶ በማያውቅ፣ በተሰበረ ድምፅ «ሰው ምን ይላል፣ ልጄ?» አሉ።

«ሰው የሚለውን አንቺ ከዳንሽ በኋላ አብረን እንሰማዋለን።»

የመረመራቸው ሐኪም ወጣት ነበር። መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «እማማ፣ ከወጣብዎት ስንት ቀን ሆነው?» አላቸው። ሰባተኛ ቀኑ መሆኑን ሲነግሩት ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለዚህ በሽታ አሲክሎቪር የሚባል መድኃኒት አለ፤ የቫይረሱን መራባት ይገታል፤ ነገር ግን የተሻለ ጥቅም የሚሰጠው እባጩ በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። በመምህርቷ ጎን ላይ አዲስ እባጭ መውጣቱ ቆሞ፣ የቀደሙት መድረቅ ጀምረው ነበር። ሐኪሙ የሚታጠቡበትንና የሕመም ማስታገሻ አዘዘላቸው፤ እባጮቹ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቁ ድረስም ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች እንዲርቁ መከራቸው። በሩ ከፊታቸው ሦስት ቀን ተከፍቶ ቆይቶ ነበር። የዘጋው ድህነት አልነበረም፤ የመንገድ ርቀትም አልነበረም። የዘጋው ሹክሹክታ ነው።

ከዚያም ሐኪሙ፣ መምህርቷ በዕድሜያቸው ያልጠበቁትን ጥያቄ ጠየቃቸው። «በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት ነበር?»

«በሰባት ዓመቴ» አሉ።

«ያው እርሱ ነው። ከማንም አልመጣብዎትም፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብሮዎት ነበር።»

ይህ የሐኪሙ ቃል በአጭሩ የተነገረ ቢሆንም፣ ከኋላው የብዙ ሰዎች ድካም አለበት። በ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ በቡዳፔስት ከተማ የሚሠራ አንድ የሕፃናት ሐኪም፣ አልማዝ ባለጭራ የያዘው አዋቂ ባለበት ቤት ሕፃናት ጉድፍ ሲወጣባቸው አስተውሎ ሁለቱ በሽታዎች ዝምድና ሳይኖራቸው አይቀርም አለ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቶማስ ዌለር ቫይረሱን በቤተ ሙከራ አሳድጎ ሁለቱንም የሚያመጣው አንዱ መሆኑን አሳየ። ነገሩን በምሉዕ ያብራራው ግን በታላቅ የምርምር ተቋም የተቀመጠ ሊቅ አልነበረም። በእንግሊዝ ሀገር በሳይረንሴስተር በምትባል ትንሽ ከተማ የሚሠራ፣ ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን የተባለ ተራ የቤተሰብ ሐኪም ነበር። ይህ ሐኪም ወደ ክሊኒኩ የመጡትን 192 የአልማዝ ባለጭራ ሕሙማን ለ16 ዓመት በትዕግሥት መዝግቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ውጤቱን አቀረበ። እንዳለውም፣ የልጅነቱ በሽታ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም፤ ከአከርካሪ አጠገብ ባሉት የነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ ተሸሽጎ ለአሥርት ዓመታት ያንቀላፋል። ሰውነት በዕድሜ ወይም በሌላ ምክንያት ሲደክም ይነቃና፣ የተሸሸገበትን አንዱን ነርቭ መንገድ አድርጎ ወደ ቆዳ ይወርዳል። መስመሩ በአንድ ጎን ብቻ የሚሄደው፣ አከርካሪን የማይሻገረው፣ ሕመሙም እባጩ ሳይወጣ ቀናት ቀድሞ የሚጀምረው ስለዚህ ነው። የመምህርቷ እሳት 47 ዓመት አመድ ለብሶ የቆየ የልጅነት ፍም ነበር።

መድኃኒቱም የራሱ ታሪክ አለው። የአሲክሎቪርን ምርምር ከመሩት መካከል ዋነኛዋ ገርትሩድ ኤልዮን፣ የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ የሚወዷቸው አያታቸው በጨጓራ ካንሰር ሲሠቃዩ አይተው ነው ሕይወታቸውን በሽታን ለመዋጋት የሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። እንግዲህ በአንድ ቤት የታየ ሥቃይ ለሌላው ቤት መድኃኒት ወለደ ማለት ነው። የሰው ልጅ የጋራ ሀብቱ ይህ ነው፤ ሥቃይ ሲታይ፣ ሲነገርና ሲመዘገብ ዕውቀት ይሆናል። የተደበቀ ሥቃይ ግን ለባለቤቱም ለሌላውም ሳይጠቅም ይቀራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ብሂል በመምህርቷ ላይ ቃል በቃል፣ በሰዓት ተቆጥሮ ተፈጸመ።

ሐኪሙ የደም ምርመራ እንዲያደርጉም ምክር ሰጣቸው። አላስገደዳቸውም፤ አላስፈራራቸውምም። ሁለት ሌሊት አሰቡበት። በሦስተኛው ቀን ከትልቋ ልጃቸው ጋር ሄደው ተመረመሩ።

ወሬው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ሠፈር ደርሶ ነበር። ጠያቂው መጣ። ዳቦ ይዞ የመጣ አለ፤ ጠላ ይዞ የመጣ አለ፤ ዐይኑን ብቻ ይዞ የመጣም አለ። «እግዜር ይማርሽ» እያለ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ዐይኑም ወደ ቀኝ ጎናቸው ይሄዳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ የእድሩ አባል የሆኑ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤት ነገሩን በደግነት ሊዘጉት ፈለጉ።

«መምህርት፣ ተመርምረሽ የለም እንዴ? ነፃ ነኝ በይና ይችን ወሬ አፏን አስይዣት» አሉ።

ሰዉ ሁሉ ጸጥ አለ። ውጤቱ የተጻፈበት ወረቀት በዚያች ሰዓት ከመምህርቷ ትራስ ሥር ነበር። ትልቋ ልጅ እናቷን ተመለከተች።

«እማማ» አሉ መምህርቷ በዝግታ፣ «የያዘኝ አልማዝ ባለጭራ ነው። በጣም አሞኛል፤ አሁንም ያመኛል። ይህን ለማንም ይንገሩልኝ። የደሜ ነገር ግን የእኔና የሐኪሜ ነው። እኔ ዛሬ ነፃ ነኝ ብዬ ወረቀት ባሳይ፣ ነገ ወረቀት ማሳየት የማይችለው ጎረቤታችን በምን አፉ ይናገራል? እርሱ ደብቆ እንዲሞት እኔ አልፈርድበትም። ስድስት ቀን ደብቄ አይቼዋለሁና።»

አሮጊቷ ለጥቂት ጊዜ አቀረቀሩ። ከዚያም ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ቡና መቁላት ጀመሩ። ስለ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የጠየቀ የለም። አንባቢም አይጠይቅ፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው አንዱም ይሁን ሌላው፣ የሴትዮዋን ሕመም አያሳንሰውም፤ ክብራቸውንም አይጨምረውም፤ አይቀንሰውምም።

ቁስሉ በነሐሴ መጨረሻ ደረቀ። ሕመሙ ግን አብሮት አልሄደም። በዚህ በሽታ ከተያዙት ሰዎች አንዳንዶቹ፣ በተለይም በዕድሜ የገፉት፣ ቆዳቸው ከዳነ በኋላ ነርቩ ተጎድቶ ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ይሠቃያሉ። መምህርቷ ከእነዚህ አንዷ ሆኑ። ሐኪሙ ማታ ማታ የሚወስዱት አሚትሪፕቲሊን አዘዘላቸው፤ መጀመሪያ ለድብርት ሕመም የተሠራ፣ ኋላ ግን የነርቭን ሕመም እንደሚያበርድ የታወቀ መድኃኒት ነው። በመስከረም ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ መቀነት አላሰሩም፤ ሰፋ ያለ ቀሚስ ለብሰው ገቡ። መቀነታቸውን መልሰው ያሰሩት ጥር ሲጋመስ ነው።

ከዚያ ክረምት የጠፋው ጠፍቷል። ሳይኮተኮት የቀረው የድንች መደብ እኩሌታው በውሃ በሰበሰ። ቦዩ በጊዜው ስላልተቆፈረ ጎርፉ የአጥሩን አንድ ጥግ ይዞት ሄደ። ባናው ለሠርጉ አልደረሰም፤ ሙሽራይቱ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይዛ ሄደች፤ ባናው የተሰጣት በሚቀጥለው ዓመት ነው። የበረንዳው ትምህርት ቤት ግን አንድ ቀን አልተዘጋም። መምህርቷ ተኝተው በነበሩባቸው ሳምንታት፣ ጠመኔውን የተቀበለችው ተማሪና ጓደኞቿ ተራ እየገቡ አስተማሩ። የማይገባቸው ጥያቄ ሲያጋጥማቸው ከመካከላቸው አንዱ በመስኮቱ በኩል ይጠይቃል፤ መልሱም ከአልጋው ላይ ይመጣል። ከሕመም ለመሸሽ የተፈጠረው ዘዴ እውነተኛ ዘዴ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ክረምት ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል፤ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ ከወሰደ ሠርቶ፣ ወልዶ፣ ልጅ አሳድጎ ይኖራል። አልማዝ ባለጭራን የሚከላከል፣ ከቀደመው የተሻለ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2017 ተፈቅዶ፣ በበርካታ ሀገሮች 50 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ይመከራል። በአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ግምት በዚያ ሀገር ከሦስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ በዚህ በሽታ ይያዛል። በሽታው ይህን ያህል የተለመደ፣ የማንም ሰው የእርጅና ጓደኛ ነው። ሹክሹክታው ግን ከመድኃኒት ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ዛሬም ይህን ስም ሲሰማ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው አይጠፋም።

ይህ ነገር የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ስምን ሸክም የሚያሸክመው ሰው ነው፤ ሸክሙን የሚያወርድለትም ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ የኤድስ ዓመታት የነበረው ቅስቀሳ ይበልጡን ሞትንና ማስፈራራትን መሣሪያው ያደረገ ነበር፤ በመድረክም፣ በሥዕልም፣ በስብሰባም የተነገረው ቃል ከበሽታው አልፎ ሕመምተኛውን ያስፈራ ጀመር። የዓላማው ቅንነት አያጠራጥርም። ነገር ግን ከመድረክ የወረደ ቃል በለቅሶ ድንኳን ሹክሹክታ ይሆናል፤ ከድንኳኑ ወጥቶም አንዲት እናት ሦስቱን ውድ ቀናት በጨለማ እንድታሳልፍ ያደርጋል። ጸሐፌ ተውኔቱ ቃሉን ሲጽፍ፣ መምህሩ በክፍል ሲያስተምር፣ አደራጁ ሕዝብ ሰብስቦ ሲናገር፣ ቃሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በማን ጎን ላይ እንደሆነ ሊያስብ ይገባዋል። አልማዝ ባለጭራ የሚለውን ስም የፈጠረው ሕዝብ ሥቃይን አይቶ ከሥቃዩ ውስጥ ብርሃን መርጦ ያወጣ ሕዝብ ነው። ያ ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ፣ ታማሚው በመጀመሪያው ቀን ከቤቱ ይወጣል፤ 72ቱ ሰዓትም ይደርሱለታል።